ነጭ ነው ያልኩት ቢጫ

ልጅ ሳለሁ፣ ፀሐይ ወደ አምባሰል በኩል ዘቅዘቅ ስትል እናቴ ያዘዘችኝን ሁሉ ጥድፍ ጥድፍ አድርጌ እጨርስና ቁልቁል ወደ አባባ ሙሄ ቤት እሮጥ ነበር። መንደራችን ከሐይቅ ከተማ ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ፣ ዳገቱ ላይ ነው። የእኛ ቤት ከላይ፣ የእሳቸው ቤት ከታች ሲሆን በመካከላችን የእሳቸው ማሳ አለ፤ ከማሳው ግርጌ ደግሞ ምድሩ ቁልቁል ይወርድና የአርዲቦ ሐይቅ ውሃ ይታያል። የምሮጠው በዚያ ማሳ ዳር ባለችው ቀጭን መንገድ ነበር።

አባባ ሙሄ ዘመዴ አይደሉም። እነሱ እስላም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን። ግን እናቴ እኔን በወለደች ጊዜ ገንፎውን ያገነፉት የእሳቸው ባለቤት እማማ ከድጃ ነበሩ። አባቴ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ በዚያው ሲቀር ደግሞ፣ ዐይናቸው እስኪደክም ድረስ፣ መሬታችንን አርሰው የሚዘሩልን አባባ ሙሄ ነበሩ። ጀማል የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ኮምቦልቻ ገብቶ ጋራዥ ይሠራ ስለነበር ለአረፋ ካልሆነ አናየውም። ስለዚህ የዚያ ቤት ልጅ እኔ ነበርኩ ማለት ይቻላል።

ያኔ መንደራችን መብራት አልገባም። እማማ ከድጃ ኩራዟን ምሰሶው ላይ ያንጠለጥሏታል፤ ጭሷ ጣራውን አጥቁሮት ነበር። አባባ ሙሄ ከምድጃው አጠገብ መደቡ ላይ አንድ እግራቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ። በዐይናቸው ላይ የወጣው ሞራ የፍሙ ብርሃን ሲያርፍበት ነጣ ብሎ ያበራል። ፊቴን እንደ ጥላ ነበር የሚያዩት፤ ድምፄን ግን ገና ከማሳው ጫፍ ስጮህ ይለዩታል።

ተረታቸው የሌላ ሰው ተረት ዓይነት አልነበረም። ሌላው ሰው ከሌላ የሰማውን ይነግርሃል፤ እሳቸው ግን ከእኔ ነበር የሚጀምሩት። «የሺ፣ ዛሬ ምን አየሽ?» ይሉኛል። ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያው ነገር ተረት ይሠራሉ። አንድ ቀን ከውሃው ዳር ክንፏን ዘርግታ ድንጋይ ላይ የቆመች ጥቁር ወፍ አየሁ አልኳቸው።

«ዘርግታ? ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«ፊቷን ወዴት አዙራለች?»

«ወደ ፀሐይ።»

ከዚያ ያቺ ወፍ ድሮ ለሠርግ ከጎረቤቷ ቀሚስ ተውሳ እንደነበር፣ ከሠርጉ ስትመለስ ዓሣ አይታ አላስችል ብሏት ከነቀሚሷ ውሃ ውስጥ እንደገባች፣ እርጥቡን ቀሚስ መመለስ አሳፍሯት እስከ ዛሬ ድረስ ፀሐይ ላይ እያሰጣችው እንደሆነ ነገሩኝ። እማማ ከድጃ ከጓዳ ሆነው ሳቁ።

«ይቺን ልጅ በውሸት ልታሳድጋት ነው አንተ ሰውዬ!»

«እኔ የጨመርኩት ቀሚሱን ብቻ ነው» አሉ አባባ ሙሄ። «ሌላው የሷ ነው። የሺ ያላየችውን አትነግረኝም።»

እውነትም ያኔ አልነግራቸውም ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ጊዜ፣ ትምህርት ቤታችን ግቢውን በአበባ እናሳምር ተባለና እያንዳንዱ ተማሪ የሚተከል ነገር እንዲያመጣ ታዘዘ። ልጆቹ ከየቤታቸው ጽጌረዳ ቆርጠው፣ ከከተማ ዘመድ አስልከው አመጡ። እኛ ቤት ከጤና አዳምና ከጌሾ በቀር ምንም አልነበረም። እኔ ግን ከእናቴ ጋር ሐይቅ ገበያ ስንሄድ፣ መንገድ ሊጠገንበት ከተከመረው ጠጠር ላይ የበቀለ አንድ ተክል አይቼ ነበር። አበባው ቢጫ ነው፤ እንደ ሐር የሳሳ፣ እፍ ቢሉት የሚበር የሚመስል። ከሥሩ የደረቁ ፍሬዎች ነበሩ፤ እጄን እየወጋኝም ቢሆን ለቅሜ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አመጣሁ። ክረምቱ ሲገባ ግማሹን ትምህርት ቤት፣ ግማሹን በቤታችን አጥር ሥር ዘራሁት።

መስከረም ላይ የሌላው ሁሉ ጽጌረዳ ደርቆ የእኔ ብቻ አበበ። መምህራችን በሰልፍ ላይ ወደ ፊት ጠሩኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ በሰልፍ ላይ ስሜ የተጠራው «አርፍዳ የመጣች» ተብሎ ብቻ ነበር። መምህሩ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው፣ «የሺ ከዛሬ ጀምሮ የግቢያችን የአበባ ኃላፊ ናት» አሉ፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። ያ ጭብጨባ ልክ እንደ ትኩስ ነገር በጀርባዬ ሲወርድ አሁንም ይታወቀኛል።

ያን ምሽት ወደ አባባ ሙሄ ቤት ስሮጥ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። «ዛሬ ምን አየሽ?» እስኪሉኝ እንኳ አልጠበቅሁም።

«አባባ፣ ተጨበጨበልኝ! አበባዬ ከሁሉ በለጠ!»

«አላህ ያሳድግሽ። ምን ዓይነት አበባ ነው?»

ነገርኳቸው። ቢጫነቱን፣ ስስነቱን። ቅጠሉስ አሉኝ። ቅጠሉ አመድማ አረንጓዴ ነው፣ ጅማቱ ነጭ ነው፣ ጫፉ ይዋጋል አልኩ። እሳቱ ላይ ሊጨምሩት ያነሱት እንጨት እጃቸው ላይ ቀረ።

«ግንዱም ይዋጋል?»

«ግንዱም፣ ፍሬውም።»

«ፍሬው ምን ይመስላል፣ የሺ?»

«ትንሽ ናት፣ እሾሃም። ስትደርቅ አናቷ ይከፈታል። ውስጧ ልክ ጎመን ዘር የመሰለ ጥቁር ጥቁር ነገር አለ።»

እንጨቱን መሬት ላይ አስቀመጡት። ያን ቀን የነገሩኝ ተረት አልነበረም። በወጣትነታቸው ቆላ ወርደው የጥጥ እርሻ ላይ በቀን ሥራ ነበሩ። በእርሻው ዳር እንዲህ ያለ እሾህ ነበር፤ ሠራተኞቹ «ቢጫ ደም» ይሉታል። ፍሬው ከቅባት እህል ጋር እየተቀላቀለ ይጨመቅና ዘይቱን የበላ ሰው እግሩ ያብጣል፤ ጣት ሲጫንበት ጎድጉዶ ይቀራል። ከዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል። «አብሮኝ የሚተኛ የባቲ ልጅ ነበር» አሉኝ። «ጠዋት ልቀሰቅሰው ስነካው አልነቃም።»

እማማ ከድጃ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «ልጅቱን አታስፈራራት» አሉ።

«ማስፈራራቴ አይደለም። እሾሃም ሁሉ አንድ አይደለም። ይሄኛው በደሙ ነው የሚለየው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ነገ በብርሃን ሰብረሽ እይው። የሚወጣው ነጭ ወተት ከሆነ የፍየል ምግብ ነው፣ ተዪው። እንደ እርድ ቢጫ ከሆነ ግን እሱ ነው። ያን ጊዜ አንድም ሳናስቀር፣ ፍሬው ሳይበተን፣ ነቅለን እናቃጥለዋለን። የትምህርት ቤቱንም ጭምር። እኔ እንዳላየው ዐይኔ እንዲህ ሆኗል፤ አንቺ እይልኝ።»

በነጋታው ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥራችን ሥር ተንበርክኬ አንዱን ግንድ ሰበርኩት። ደሙ ወዲያው ወጣ። ቢጫ ነበር። አንድ ጠብታ አውራ ጣቴ ላይ ወድቆ በቆዳዬ መስመር ገባ። ሳር ላይ ጠረግሁት፤ አልለቀቀም። አፈር ይዤ አሸሁት። እዚያው ተንበርክኬ ያሰብኩት ስለ ባቲው ልጅ አልነበረም። ያሰብኩት ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ መምህሩ «የሺ ያመጣችው መርዝ ነው» ሲሉ፣ ልጆቹ ሲስቁ ነበር።

አባባ ሙሄ ደጃቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ቅጠሉን ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው ጅማቱን እየተከተሉ ዳሰሱት፣ ጫፉን ነካኩት፣ አሸተቱት።

«ደሙስ?» አሉኝ።

«ነጭ ነው፣ አባባ» አልኩ። «እንደ ወተት።»

«በደንብ አይተሻል?»

«በደንብ።»

ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ቅጠሉንም ወዲያ ጣሉት። እንደማንኛውም ቀን ራሴን ዳበሱኝ። ቢጫዋን ጣቴን ከጀርባዬ ደብቄ ነበር፤ እንደማያዩ እያወቅሁ።

ያን ምሽት እንደ ልማዴ ሄድኩ። ባልሄድ ይጠረጥራሉ ብዬ ነው። በአንድ አገር ስለ ነበረ እንግዳ ነገሩኝ። የአገሩ ልማድ እንግዳን ሦስት ቀን አብልቶ፣ በሦስተኛው ቀን «ከወዴት ነህ? የማን ልጅ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አንድ ቀን መልከ መልካም፣ ወርቅማ ልብስ የለበሰ እንግዳ መጣ። ማማሩን ሲያዩ ሦስተኛው ቀን አለፈ፤ መጠየቁም ተረሳ። እሱ ወንድሞቹን አመጣ፤ ወንድሞቹም ወንድሞቻቸውን። በሦስተኛው ዓመት የቤቱ ባለቤቶች «የእግዜር እንግዳ፣ አሳድሩን» እያሉ የገዛ ደጃቸውን ሲያንኳኩ ተገኙ። አባባ ሙሄ ይህን ሲጨርሱ ሳቅ አሉ። «የኛው እንኳን ደግ እንግዳ ሆነ» አሉኝ። እኔ ፍሙን በእንጨት እቆሰቁስ ነበር። ከዚያች ምሽት በኋላ «ዛሬ ምን አየሽ?» ሲሉኝ አንዳንድ ቀን ምንም አላየሁም እላቸው ጀመር።

በተከታዩ ክረምት ዝናቡ ከባድ ነበር። ከአጥራችን ሥር የረገፈውን ፍሬ ጎርፉ በዚያች በምሮጥባት መንገድ ይዞት ወረደ። መስከረም ላይ ቁልቁል ስመለከት የአባባ ሙሄ ማሳ ዳር ዳሩን ቢጫ ሆኖ አየሁት። ሰው እያለፈ «ማሻ አላህ፣ ማሳው አበበ» ይል ነበር። ኋላ ግን ከብቶች የሚግጡት የማሳ ዳር ሳር ጠፋ፤ እሾሁን አንድም ከብት አይደፍረውም። ሊያርሙ የመጡ ሰዎች እጃቸው እየተወጋ እያማረሩ ዳር ዳሩን እየተዉት ሄዱ። ከቤታቸው ጓሮ ጎመን ዘር ተዘርቶ ነበር፤ እዚያም ገብቶ አብሮ አደገ፣ አብሮ ደረቀ፣ አብሮ ተወቃ። እማማ ከድጃ በወንፊት ቢነፉትም ፍሬው ከጎመን ዘሩ ጋር እኩያ ነውና አብሮ አለፈ። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ሲነፉ አጠገባቸው ቆሜ ወንፊቱን ይዤላቸው ነበር።

ያን ዓመት ዘይት ተወዶ ነበር። እማማ ከድጃ ጎመን ዘሩን ቆልተው ይወቅጡና በውሃ በጥብጠው ፍትፍት ያደርጉበት ነበር። ማቃጠሉ ለአባባ ሙሄ ጨጓራ ስለማይስማማ ሌላ ነገር ያቀርቡላቸዋል፤ ለእኔ ደግሞ ሲሰጡኝ አንዴ ሆዴን አመመኝ፣ ሌላ ጊዜ ጠግቤአለሁ እላለሁ። እማማ ከድጃ ግን በየቀኑ ይበሉት ነበር። ሊጎርሱ ሲሉ አፌን ልከፍት የተቃረብኩባቸው ቀኖች አሉ። አልከፈትኩም። ምናልባት ትንሽ ስለሆነ አይጎዳም፣ ምናልባት አባባ ቆላ ያዩት ሌላ ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

መጀመሪያ እማማ ከድጃን ጫማቸው እምቢ አላቸው። ከዚያ እግራቸው እስከ ጉልበት አበጠ፣ ቀላ፤ ሌሊት እንደሚያቃጥላቸው ለእናቴ ሲነግሯት ሰማሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከምድጃው እስከ በር ለመሄድ ሦስት ጊዜ የሚያርፉ ሆኑ። አንድ ጠዋት ትንፋሽ አጠራቸውና የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ እስከ አውራ መንገዱ አወጧቸው፣ ከዚያ በባጃጅ ሐይቅ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ደሴ ተላኩ። ሐኪሙ ቤት ውስጥ የሚበሉትን ሁሉ ጠይቆ፣ የጎመን ዘሩን ናሙና አምጡ ብሎ ላከ።

አባባ ሙሄ መልእክቱ የደረሳቸው ዕለት ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። ከጎመን ዘሩ ጭብጥ አድርገው በሰፌድ ላይ በትነው ይዳስሱ ነበር። አንዷን ፍሬ በጥፍራቸው ይዘው ፋቅ ፋቅ አደረጓት።

«ጎመን ዘር ልሙጥ ነው» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ይቺ ትሻክራለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «የሺ፣ ከማሳው ዳር አንድ ግንድ አምጪልኝ» አሉ።

ከደረቁት መካከል ገና አረንጓዴ የሆነ አንድ አገኘሁ። እጄ እየተወጋ አመጣሁት። ምንም እንዳልያዝኩ ያህል አልተሰማኝም።

«ስበሪው።»

ሰበርኩት።

«ደሙ ምን መልክ አለው?»

«ቢጫ ነው።»

የተሰበረውን ግንድ ከእጄ ወስደው ዳሰሱት። ከታች ከውሃው በኩል የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎች ከብት ያጠጣሉ። ከዚያ ዝግ ብለው፣

«አምናም ቢጫ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቢቆጡኝ፣ ቢመቱኝ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ፈለጉ፤ ሲያገኙትም እዚያው አሳረፉት። «ለሰው አትናገሪ» አሉኝ። «ልጅ ነሽ። የመንደሩ ሰው አይለቅሽም፤ እናትሽንም አይለቃትም። እኔ የምለውን እላለሁ።»

ጀማል ከእናቱ ጋር ደሴ አድሮ በማግሥቱ መጣ። ናሙናውን ሐኪሙ አይቶታል፤ ነገሩ ታውቋል። ጎረቤት ሁሉ ደጃቸው ላይ ተሰብስቧል፣ እናቴም አለች፣ እኔም ከእናቴ ነጠላ ሥር አለሁ።

«አባቴ፣ ይህን እሾህ ታውቀዋለህ አይደል?» አላቸው። «ስለ ቆላው ስትነግረኝ ነው ያደግሁት! ሰው ሲሞት አይተሃል! እንዴት ነው እናቴ ስትበላው ዝም ያልከው?»

አባባ ሙሄ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

«ዐይኔ ነው» አሉ። «ቅጠሉ እጄ ገብቶ ነበር። ዳሰስኩት፣ አልለየሁትም።»

«ሰው አትጠይቅም? ዐይን ያለው ሰው አጥተህ ነው?»

«ቸል ብዬ ነው» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜ፣ ዝም አልኩ። ለሰው አትናገሪ ተብያለሁ ማለት እችላለሁ፤ ለዓመታትም እንዲያ እያልኩ ራሴን አጽናንቻለሁ። እውነቱ ግን ባይሉኝም ዝም እል ነበር። ያ ሽማግሌ በልጃቸው ፊት ሲዋረዱ እያየሁ፣ በውስጤ የተሰማኝ የመጀመሪያ ስሜት እፎይታ ነበር።

እማማ ከድጃ ከሆስፒታል ወጡ። ግን ልባቸው ደክሟል ተባለ፤ ዳገት አይውጡ ተባለ፤ መንደራችን ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ዳገት ነው። ጀማል ሁለቱንም ይዟቸው ኮምቦልቻ ገባ። ሲሄዱ እማማ ከድጃ ጉንጬን ስመው፣ «አብሽሪ፣ እንመጣለን» አሉኝ። አልመጡም። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። እሾሁ ነው የገደላቸው ወይስ ሌላ ሕመም፣ ያወቀ ሰው የለም፤ እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም። ትምህርት ቤታችን አበባውን ነቅሎ አቃጠለው፤ መምህሩ አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ «ማናችንም አላወቅነውም» ነበር ያሉት። እኔ ግን አውቅ ነበር።

አድጌ አስተማሪ ሆንኩና ውጫሌ ተመደብኩ። በመጀመሪያው ዓመት ከገበያው በስተጀርባ ያንኑ ቢጫ አበባ አየሁት። ተማሪዎቼን ወስጄ አሳየኋቸው። ቅጠሉ ላይ ያለውን ነጭ ጅማት፣ የፍሬውን እሾህ፣ ከሌላው እሾሃም የሚለይበትን ቢጫ ደም፣ ፍሬው ከጎመን ዘርና ከሰናፍጭ ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል አስተማርኳቸው። ከማበቡ በፊት፣ ከነሥሩ፣ እጅን ሸፍኖ መንቀል እንደሚገባም ነገርኳቸው። ከየት ተማርሽው ያለኝ ልጅ ግን አልነበረም፤ ቢጠይቀኝ ምን እንደምለው አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ደወለችልኝ። አባባ ሙሄ አረፉ አለችኝ። በነጋታው ኮምቦልቻ ወረድኩ። ለቅሶው ላይ የተቀመጠው ሰው እስኪቀንስ ጠበቅሁና ጀማልን ወደ ግቢው በር ጠራሁት። ጸጉሩ ሸብቶ ነበር።

«አያ ጀማል፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው» አልኩት። ነገርኩት። ቅጠሉን፣ ደሙን፣ «ነጭ ነው» ያልኩትን፣ አባቱ ምን እንዳሉኝ፣ በደጃቸው ላይ እንዴት ዝም እንዳልኩ። ምንም ሳላስቀር ነገርኩት። በሩን በእጁ እንደያዘ ሰማኝ።

«እናቴ ከሞተች ጀምሮ» አለኝ፣ «ከአባቴ ጋር አንድ ቤት እየኖርኩ ከሰላምታ በቀር አላወራሁትም። ምግቡን አቀርብለታለሁ፤ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ። ግን አላወራሁትም። ሊያጫውተኝ ሲሞክር እወጣ ነበር።»

«አያ ጀማል…»

«ባለፈው ሳምንት ምን ነበረብሽ?» አለኝ። ድምፁን አላነሳም። «ባለፈው ሳምንት እኮ እዚህ ነበር። እዚህ በር ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ባለፈው ሳምንት ብትመጪ ኖሮ እግሩ ሥር እወድቅ ነበር።»

ወደ ለቅሶው ተመለሰ፤ እኔም ወደ መናኸሪያው ሄድኩ።

የአባባ ሙሄ ማሳ እነሱ ከሄዱ ወዲህ ጦም አድሮ ነበር። የዚያ እሾህ ፍሬ መሬት ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ፣ አፈሩ ሲነካና ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል። ስለዚህ ከለቅሶው ወዲህ ክረምት ሊወጣ ሲል ፈቃድ እጠይቅና ከውጫሌ መጥቼ ሦስት አራት ቀን እነቅላለሁ። በየዓመቱ የቀነሰ ይመስለኛል፤ በየዓመቱም አዲስ ቦታ ላይ አገኘዋለሁ።

አምና እየነቀልኩ ሳለ ከማሳው ግርጌ ሰው መጣ። ጀማል ነበር። ለሥራ የሚያደርገውን ወፍራም ጓንት አጥልቋል። ከኮምቦልቻ ድረስ እንደሚመጣ ለማንም አልነገረም። ሰላም አላለኝም፤ ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረ። እስከ እኩለ ቀን ድረስ እሱ ከታች እኔ ከላይ ስንነቅል ቆየንና መካከል ላይ ተገናኘን። ከቦርሳው ዳቦ አውጥቶ ቆርሶ ዘረጋልኝ። «ብዪ» አለኝ፤ ተቀበልኩት። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም፤ እኔም ይቅር በለኝ ብዬ አላስጨነቅሁትም።

ስንበላ ወደ ውሃው እያየ፣ «ማታ ማታ ተረት ይነግርሽ ነበር አሉ» አለኝ።

«አዎ።»

«ለኔ ከቆላው ነገር በቀር አንድም ተረት ነግሮኝ አያውቅም። እኔ ልጅ ሳለሁ ዐይኑ ደህና ነበር፤ ሲያርስ ውሎ መጥቶ ይተኛል።» ፍርፋሪውን ከጉልበቱ አራገፈና፣ «አንዱን ንገሪኝ» አለ።

ከሰማኋቸው ተረቶች አብዛኞቹ ጠፍተውኛል። የሦስት ወንድማማቾችና የአንድ የጠፋ በሬ ተረት ነበረች፤ አጀማመሯን አስታውሳለሁ፣ መካከሏ ላይ ግን ተቆርጣብኛለች። እስከዚያ ድረስ ነገርኩት። ከዚያ ቆምኩ። የራሴን ነገር ጨምሬ ላስቀጥላት እችል ነበር፤ የአባባ እንዳልሆነ ማን ያውቃል?

«ከዚህ በኋላ ያለውን አላስታውስም» አልኩት። «መጨረሻዋ ላይ በሬው እንደተገኘ ግን አውቃለሁ።»

ጀማል ራሱን ነቀነቀ። ጓንቱን መልሶ አጠለቀና ተነሣ። ከታች ከውሃው ነፋስ እየመጣ ነበር፤ እስኪመሽ ድረስ ገና ብዙ የሚነቀል ነበር።